ገና ሲደርስ በዓል በዓል የማይሸተው ለምንድን ነው?

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከቦሌ እስከ ስታዲየም ባሉት ሆቴሎችና ሱቆች ላይ ባለቀለም አምፖሎች ይበራሉ። ከመብራቱ ሥር ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ «ዘንድሮስ በዓል በዓል አይሸትም» ይላል። ቅሬታው በየዓመቱ የሚሰማ ስለሆነ ብዙዎች እንደ ተለመደ ወሬ ያልፉታል። መታለፍ ግን የለበትም፤ ሰዎች በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ስለ ገቢያቸው፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ አንዳንዴም ስለ ሐዘናቸው እየተናገሩ ነው።

ስለ መንስኤው የሚሰጡት ማብራሪያዎች ይለያያሉ። የመጀመሪያው ኑሮ ውድነት ነው፤ ኪስ ሲሳሳ ልብም ይሳሳል ይላል። ሁለተኛው የባህል መበረዝን ይወቅሳል፤ የፈረንጅ ገና የእኛን ዋጠው የሚለው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስሜቱን በሕክምና ቃል «ድባቴ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ክር ግን ብዙም አይነሳም፤ እርሱም ከበዓሉ በፊት ያሉት ሳምንታት ጉዳይ ነው።

«መሽተት» የሚለው ቃል የያዘው ምስጢር

አማርኛ ስለ በዓል ስሜት ሲናገር አፍንጫን መምረጡ ያለ ምክንያት አይመስልም። የበዓል ሽታ የሚባሉትን አንድ በአንድ እናስብ፦ በኮረሪማና በኮሰረት የሚነጠር ቅቤ፣ ለሰዓታት ቀስ እያለ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ጓዳ ውስጥ የሚብላላ የጠላ ጥንስስ፣ የሚታመስ ቡና፣ ዕጣን፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ። አብዛኞቹ በዕለቱ ከሳህን የሚነሱ ሽታዎች አይደሉም። ከቀናት፣ ጠላው ደግሞ ከሳምንታት በፊት ከሚጀመር ሥራ የሚወጡ ናቸው።

ጠላ ለመጥመቅ ጌሾው ይወቀጣል፣ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቆይቶ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻም ጋኑ ተከድኖ ይጠበቃል። ዶሮውም ቢሆን በ12 ብልት ተለይቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ የተቁላላው ሽንኩርት እስኪበስል ተጠብቆ ነው ወጥ የሚሆነው። በዚህ ሁሉ መካከል ጎረቤት ምጣድ ሊዋስ ይመጣል፣ ልጅ ሽንኩርት ይልጣል፣ አንዷ የሌላዋን በርበሬ ቀምሳ አስተያየት ትሰጣለች። በዓሉ ሲደርስ ሰውየው ሳያውቀው ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት በዓሉ ውስጥ ሲኖር ቆይቷል።

አሁን በመሀል አዲስ አበባ ይህ የዝግጅት ጊዜ በብዙ ቤቶች ወደ አንድ ምሽት ተጨምቋል። ገና በሕግ የአንድ ቀን በዓል ነው፤ ዋዜማው የሥራ ቀን ነው። በ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ላይ ስለሚውል፣ ማክሰኞ እስከ 11 ሰዓት ቢሮ የሚውል ሠራተኛ ለዝግጅት የሚቀረው ከቢሮ እስከ ቤት ያለው መንገድና ሌሊቱ ነው። ስለዚህ እንጀራው ይገዛል፣ በርበሬው ተፈጭቶ ይገዛል፣ ዶሮው ብልቱ ተለይቶ ይገዛል፣ የጠላውን ቦታ ቢራና ለስላሳ ይይዛል። ምግቡ አልጎደለም። የጎደለው ወደ ምግቡ የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ሽታው የነበረውም እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ግሽበት ቀነሰ ሲባል በጉ ለምን አይረክስም?

በሕዝብ ንግግር ውስጥ ትልቁን ግራ መጋባት የሚፈጥረው ይህ ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አኃዝ መሠረት ከግማሽ በታች ወርዷል። ገበያ የሚወጣው ሰው ግን የረከሰ ነገር አያይም፤ በዚህም ምክንያት አኃዙ ሐሰት ነው ብሎ ይደመድማል።

ግሽበት ማለት የዋጋ ከፍታ ሳይሆን ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ ያህል 1000 ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 1300 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ግሽበቱ ወደ 13 በመቶ ቢወርድ ዕቃው ወደ 1000 አይመለስም፤ 1469 ብር ይገባል። ፍጥነቱ ቀንሷል፣ ዋጋው ግን ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም። ደመወዙ በዚያው ልክ ያላደገ ሰው «ግሽበት ቀነሰ» የሚለውን ዜና ሲሰማ የሚሰማው ምሬት ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ዜናው የሚለካው ነገርና እርሱ የሚኖረው ነገር የተለያዩ ስለሆኑ ነው። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ይህ ልዩነት ሰፊ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነዳጅ ድጎማም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቷል። በግና በሬ ከውጭ አይገቡም፤ ነገር ግን ከወሎ፣ ከሰላሌና ከቦረና በጭነት መኪና ነው የሚመጡት። የነዳጁ፣ የጎማውና የመለዋወጫው ዋጋ በበጉ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይገባል። የመንገድ ጸጥታ ችግር ሲኖር ደግሞ ነጋዴው ያነሰ ይጭናል ወይም ለሥጋቱ ዋጋ ይጨምራል።

ገናን ከሌሎች በዓላት የሚለየው ተጨማሪ ነገር ጾሙ ነው። በጾሙ ሳምንታት የሥጋ፣ የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ከዚያ ሁሉም በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ወደ ሾላና ወደ ቄራ ይወርዳል። ፍላጎት በአንድ ጠባብ በር ሲገባ ዋጋ መናሩ የነጋዴ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የገበያው አሠራር ራሱ ያመጣዋል።

ታዲያ ኑሮ ውድነት የበዓል ስሜትን የሚገድለው እንዴት ነው? ድሃ ቤት ውስጥ ደስ የሚል በዓል ኖሮ እንደሚያውቅ ብዙ ሰው ይመሰክራል፤ ስለዚህ እጦት ብቻውን መልስ አይሆንም። ዋጋ ጉዳት የሚያደርሰው ውሳኔን በማዘግየት ነው። «እስቲ ትንሽ ይረክስ ይሆናል» ተብሎ ዶሮው እስከ ዋዜማ ሳይገዛ ይቆያል፣ ቅቤው ሳይነጠር ይሰነብታል፣ ዘመድ ሳይጠራ ይቀራል። በዓሉ ለሦስት ሳምንታት የሚጠበቅ ደስታ መሆኑ ይቀርና ለሦስት ሳምንታት የሚሸሹት ሒሳብ ይሆናል።

ቅርጫው የት ሄደ?

ለዋጋ መናር ማኅበረሰቡ ራሱ የሠራው መድኃኒት ነበረው። ቅርጫ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ የሚገዙበት፣ አርደው በእኩል መደብ የሚካፈሉበት ሥርዓት ነው። ኢኮኖሚያዊ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ግን የሚጠይቀው የመተማመን ብዛት ነው። ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ገበያ ወርዶ በሬ መምረጥ የሚያውቅ፣ ቢላዋው የሰላ፣ መደቡን ሳያዳላ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ለማወቅ ዓመታት ይወስዳል።

መሀል ከተማው ባለፉት ዓመታት ያጣው እነዚህን ዓመታት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ የሚካሄደው የማፍረስና መልሶ የመገንባት ሥራ፣ በፒያሳ ዙሪያ ያሉ አሮጌ ሰፈሮችን አንሥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ ካዛንቺስ ተሻግሯል። ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ከፈረሱት መካከል ዶሮ ማነቂያ ይገኝበታል፤ የበዓል ዋዜማን ሥራ በስሙ የተሸከመ ሰፈር ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያሉትን ሐሳቦች በእኩል መመዘን ተገቢ ነው። ልማቱን የሚደግፉ ወገኖች በእነዚያ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀም እንደነበር፣ ጣሪያ ያፈስ እንደነበር፣ እሳት ቢነሳ መኪና መግባት እንደማይችል ያስታውሳሉ። ትክክል ናቸው። አዲሱ መንገድ ላይ በምሽት በደህና መራመድ መቻሉም እውነተኛ ትርፍ ነው። ነገር ግን ቤት ሲለወጥ በካሣ የማይተካ ነገር አለ። የተሻለ ወጥ ቤት ያገኘች እናት በርበሬዋን የምታስቀምሳት ጎረቤት ላይኖራት ይችላል። አዲስ ጎረቤት ይተዋወቃል፣ ቅርጫም እንደገና ይጀመራል፤ በአንድ ዓመት ግን አይሆንም።

በጋራ መኖሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ንድፉ ሲወጣ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለድግስ የሚሆን፣ ነዋሪው ኮሙናል የሚለው የጋራ ቤት በየግቢው እንዲኖር ታስቦ ነበር። ሐሳቡ አርቆ ያየ ነበር። በአንዳንድ ግቢዎች ግን እነዚህ ቤቶች ለሱቅ ወይም ለሌላ አገልግሎት ተከራይተዋል፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሰው በጉን ደረጃ ላይ ይዞ ይቆማል።

ሁለት ገና በአንድ ጾም ውስጥ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሚከበር ጾሙ 44 ቀን ይቆያል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ማግስት በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ገና ታኅሣሥ 28 ይውልና ጾሙ 43 ቀን ይሆናል፤ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነበር። በጾሙ መገባደጃ የሚመጡት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ። የነቢያት ትንቢት፣ የሚወጣው ብርሃን፣ የሚመጣው እረኛ፤ ሥርዓቱ ሰውን ደረጃ በደረጃ ወደ ልደቱ የሚያደርስ ነው። ጾሙ ራሱ የመጠበቅ ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ሳምንት ቅቤ ያልቀመሰ ምላስ በገና ጠዋት የሚያገኘው ደስታ ከሌላ ቀን ደስታ የሚለየው በዚህ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሰው በየቀኑ ያገኘው መልካም ነገር ደስ ማሰኘቱን እንደሚያቆም ይናገራሉ፤ መላመድ ይሉታል። ጾም መላመድን ይሰብራል።

የምዕራቡ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾሙ ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ልዩነቱ የመጣው በ1582 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎርጎርዮስ የተባሉት የሮም ፖፕ ያስተካከሉትን ካላንደር የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልተቀበለች ነው። ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት፣ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑና የብዙ ኤምባሲዎች መቀመጫ በመሆኗ የፈረንጁ ገና እንግዳ ሊሆንባት አይችልም። ሆቴሎች ለእንግዶቻቸው ዛፍ ያቆማሉ፤ ሱቆችም ዛፉን እስከ ታኅሣሥ 29 ያቆዩታል።

ይህን እንደ ባህል ወረራ የሚያዩ አሉ። በተቃራኒው ደግሞ ዛፍና መብራት ለልጆች ደስታ ነው፣ ማንንም አልጎዳም የሚሉ አሉ። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ችግሩ ከዛፉ ይልቅ ከሰዓቱ ነው። ጌጡ የሚሰቀለው ሰው በጾም ዝግ ባለበት ወቅት ነው። ዓይን በዓል ያያል፣ ሆድ ጾም ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ገና «ስብከት» ላይ ናት። ለሁለት ሳምንት ያህል ሲበራ የኖረ አምፖል በእውነተኛው ዋዜማ የተለየ ነገር አይናገርም። ለማይጾሙትም ሆነ በሌላ ሥርዓት ልደቱን ለሚያከብሩት የከተማዋ ክርስቲያኖች ይኸው ነው፤ የመጠበቂያው ጊዜ በጌጥ ተሞልቶ መጠበቁ ራሱ ጠፍቷል።

ከዛፉ ጋር አብሮ የገባ ሌላ ነገርም አለ፤ ሚዛኑ። በእኛ አገር ልማድ ገና የዓመቱ ትልቁ ድግስ ሆኖ አያውቅም። በላሊበላ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» የሚዘመርበት ታላቅ ቀን መሆኑ እንደተጠበቀ፣ በብዙ አካባቢ ገና የሚታወቀው ሜዳ ላይ በሚደረገው የገና ጨዋታ ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት። የቤት ድግሱ ክብደት ፋሲካ ላይ ነው፣ የአደባባዩ ደግሞ ጥምቀት ላይ። ስጦታ፣ አዲስ ልብስ፣ እንከን የሌለው የቤተሰብ ማዕድ፣ ሳምንታት የሚቆይ ፍንደቃ የሚጠበቅበት ገና በፊልምና በስልክ ማሳያ የመጣ ነው። በዚያ ሚዛን የተመዘነ የእኛ ገና ሁልጊዜ ይጎድላል።

ድባቴ ነው ወይስ ሐዘን?

ድባቴ በሕክምና ትርጉሙ ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት፣ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል የሚቆይ የስሜት መጨለም ወይም ደስ ይል ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት ነው፤ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት፣ ከጉልበትና ከራስ ግምት መዛባት ጋር ይመጣል። በበዓል ሰሞን ቅዝዝ ማለት ብቻውን ድባቴ አይባልም። ምልክቶቹ ከተደራረቡ፣ ሥራና ኑሮን ካሰናከሉ ወይም የመኖር ፍላጎትን ከነኩ ግን በዓሉ እስኪያልፍ መጠበቅ አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

በታኅሣሥ ስለሚመጣ «የወቅት ድባቴ» የሚነገረውን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ግን አያስኬድም። ያ ሕመም ከብርሃን ማጠር ጋር ይያያዛል። በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ለስድስት ሰዓት ያህል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ታኅሣሥ እዚህ ሌሊቱ ቢበርድም ሰማዩ የጠራ ወር ነው። የስሜቱን ምክንያት ከፀሐይ ሳይሆን ከምድር መፈለግ አለብን።

በምድሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሐዘን አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነትና ከዚያም ወዲህ በአማራ፣ በኦሮሚያና በሌሎች አካባቢዎች የቀጠሉት ግጭቶች የብዙ አዲስ አበቤዎችን ቤት ነክተዋል። ልጁን ያጣ፣ አገር ቤት ያሉ እናቱን ለማየት መንገዱን የሚፈራ፣ የተፈናቀለ ዘመድ ያስጠለለ ቤተሰብ አለ። ለእነዚህ ሰዎች «በዓል በዓል አይሸትም» ማለት ስለ ከባቢው የሚሰጥ አስተያየት አይደለም።

ባህሉ ለዚህ ቦታ ነበረው። ሐዘን የገባበት ቤት በመጀመሪያው በዓል ድግስ አይጠበቅበትም፤ ጎረቤትና ዘመድ ከየቤቱ ምግብና መጠጥ ይዞ መጥቶ አብሮ ይውላል። ሐዘንተኛው እንዲደሰት ማንም አያዘውም፤ ብቻውን እንዳይውል ግን ይደረጋል። ዛሬ በየስልኩ የሚደርሰው የመልካም ምኞት ጎርፍ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሁሉም እንዲደሰት ይጠይቃል፣ ማንም ግን ደጃፉን አያንኳኳም።

ድሮ ማን ነበር የሚሠራው?

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይገጥመዋል። የዝግጅቱን ሳምንታት የምንናፍቅ ሰዎች ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደነበር መርሳት የለብንም። ሽንኩርቱን የላጠችው፣ ጭሱን የጠጣችው፣ ጋኑን ያጠበችው፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው እናት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። ለብዙ ሴቶች የበዓል ሽታ የድካም ሽታ ነበር። የተፈጨ በርበሬና የተበለተ ዶሮ መግዛት ለእነርሱ እፎይታ ነው፤ «ድሮ ቀረ» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ነው።

ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም ወደ ሌላ መደምደሚያም ይመራል። ዝግጅቱ ስሜቱን የሚሰጠው በጋራ ሲሠራ ከሆነ፣ በአንዲት ሴት ላይ የተጫነ ዝግጅት ድሮም በዓሉን ለእርሷ አላሸተተላትም። ወንዱ ሽንኩርት ቢልጥ፣ ልጆች ቄጤማ ቢያመጡ፣ ሁለት ጎረቤት አንድ ድስት በጋራ ቢጥዱ፣ ሥራው ያንሳል፣ ተካፋዩ ይበዛል። ትዝታ ነገሮችን እንደሚያሳምር የሚናገሩትም ልክ ናቸው፤ ልጅ ሳለን በዓሉ የደመቀው አንዱ ምክንያት ወጪውን ሌላ ሰው ስለሚያስብልን ነበር።

ከ12 ቀን በኋላ

ክርክሩን ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገና ካለፈ 12 ቀን በኋላ ጥምቀት ይመጣል። ሰው ያው ነው፣ ደመወዙ ያው ነው፣ እንዲያውም ገንዘቡ በገና ተሟጧል። «ጥምቀት ጥምቀት አይሸትም» ሲባል ግን እምብዛም አይሰማም። በጥር 10፣ በከተራ ዕለት፣ ከየደብሩ የወጡ ታቦታት ወደ ጃንሜዳ ሲያመሩ፣ በየመንገዱ ምንጣፍ የሚያነጥፉትና የሚያነሱት የሰፈር ወጣቶች ናቸው። ምንጣፉን ለመግዛት ከየቤቱ ሳንቲም ይሰበስባሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ውኃ ይረጫሉ። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ያየው ይህንን የብዙ ሰው ሥራ ነው።

ለመግቢያ የሚከፈል የለም፤ በግ የሚጠይቅ የለም። ከዶሮ ማነቂያም ሆነ ከካዛንቺስ ተነሥተው ዳርቻ የገቡ ቤተሰቦች አዲሱ ግቢያቸው ውስጥ ገና ቅርጫ የሚገቡበት ሰው ላያገኙ ይችላሉ። የቀድሞ ደብራቸው ታቦት በከተራ ዕለት በስንት ሰዓት ከመንበሩ እንደሚወጣ፣ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚያልፍ፣ ምንጣፉን ማን ከፊት ሆኖ እንደሚይዝ ግን ያውቁታል።